ጣሪያው ያዘነበለበት ወገን

ሚያዝያ 2 ቀን

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ፈጣሪ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ያንን ትከሻዎንም ያሽርልዎ። እኔ ከሥራ ብዛት በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ደህና ነኝ» ሲሉኝ አምኜ ነበር። ሐኪሙ ከእንግዲህ አምስት ሊትር እንኳ እንዳያነሱ እንደከለከለዎት የነገረችኝ የአጎቴ ልጅ ናት። እርስዎ ግን አሁንም ያንን ጀሪካን በግራ እጅዎ እየጎተቱ ከቦኖው እስከ በር ድረስ ይመላለሳሉ አሉ። ስልክ ላይ ሁልጊዜ ደህና ነዎት፤ ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ስጠይቅ ደግሞ መስመሩ ይቆረጣል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በደብዳቤ እንነጋገር። ደብዳቤ መሀል ላይ አይቆረጥም።

ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንከር ገዝቼልዎታለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በር ድረስ ያመጡታል። ሥራዬን ያውቁታል፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ከፎቅ ፎቅ እየዞርኩ የሰው ታንከር እፈትሻለሁ። የእኔ አክስት ቦኖ ላይ ተሰልፋ ስትውል ዝም ብዬ አላይም።

እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ስዕል አብሬ ልኬአለሁ። ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት፤ የዚያ ቤት እያንዳንዱ ሚስማር ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። አሸንዳው በእርስዎ ግቢ በኩል፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ከዳር እስከ ዳር ይታሰር። ታንከሩ ከኩሽናው መስኮት አጠገብ፣ ውፍረቱ አርባ ሴንቲ በሆነ የድንጋይና የሲሚንቶ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ፤ በውሃ ልክ ይለካ። ሲሞላ ሁለት ቶን ነው፤ ካዘነበለ ኩሽናው ላይ ነው የሚተኛው። ውሃው በሚገባበት አፍ ላይ ወንፊት ይታሰር፣ ያለበለዚያ የወባ ትንኝ ማርቢያ ነው የሚሆነው። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ወደ ታንከሩ አይግባ፣ ይደፋ። በዓመት አንዴ ደግሞ፣ ውሃው ሲጎድል፣ ሰው ውስጡ ገብቶ ደለሉን መፋቅ አለበት።

ሁለት ነገር አደራ። ታንከሩ እስከ መስከረም መጨረሻ ካልሞላ፣ ሌላ በጋ በጀሪካን አይከርሙም፤ ወደ አጎቴ ልጅ ቤት ይዛወራሉ፣ ይሄኛው ቤት ይከራያል። ሌላው፣ ግቢውን ለሁለት የከፈለውን ግንብ ማንም እንዳይነካ። ከግንቡ ወዲያ ያለውን ሰውም በዚህ ጉዳይ ማናገር አያስፈልግም። ወንድሜ መሆኑን አልረሳሁም፤ የረሳው እሱ ነው። አባታችን የተወልን ቤት እኩል ተከፍሏል፤ እሱ በግማሹ፣ እርስዎ በእኔ ግማሽ ላይ፤ እንደዚያው ይቆይ።

የወንድምዎ ልጅ

&nbsp;

ግንቦት 6 ቀን

ለውዱ የወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ከረምክልኝ? ካሉት በላይ ያኑርህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ በሄድክበት ሁሉ መንገድህ ይቅና። እኔ ትከሻዬ ቢያስቸግረኝም ምላሴ ደህና ስለሆነ ተመስገን ነው።

ስዕልህ ደርሶኛል። ቆንጆ ስዕል ነው። በልጅነትህም ስዕል ትወድ ነበር።

ታንከሩም ደርሷል። ሾፌሩ ገፍቶ አወረደውና «እኔ የታዘዝኩት በር ድረስ ነው፤ ይኸው በር» ብሎኝ ሄደ። አንተ የሊትሩን ብዛት እንጂ የበሬን ስፋት አላሰብክም። ታንከርህ ከበሬ በሁለት ክንድ ይሰፋል። ሦስት ቀን መንገድ ላይ ተጋድሞ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በጥፊ ሲመታው ዋለ፤ ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮሃል፣ እኔ ደግሞ ውስጥ ቁጭ ብዬ ምታ ስቆጥር። በሬ አጠገብ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ «እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?» አለኝ። «የወንድሜ ልጅ ከውጭ የላከልኝ ነው» ስለው አንኳኳና «ባዶውን?» አይለኝ መሰለህ!

አሁን ግን ገብቷል። በየት ገባ ብለህ አትጠይቀኝ፤ ገብቷል።

ሥራውን የሚሠራልኝ ሰውም አግኝቻለሁ። እጁ ጥሩ ነው፣ አፉ እሬት ነው። እሱ እንደሚለው አሥራ አራት ሜትር ቱቦ ያስፈልጋል። እዚህ ያለው ፀሐይ ሲነካው የሚሰነጠቅ ነው፣ ካንተ ዘንድ ጠንካራው ካለ በምትልከው ዕቃ ውስጥ ጨምርልኝ።

ወደ አጎትህ ልጅ ቤት ስለመዛወር የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ልጅቷ ደግ ናት፣ ቤቷ ግን አራተኛ ፎቅ ነው፤ በር ላይ ወጥቼ ሰው የማላይበት ቤት ለእኔ ቤት አይደለም። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ስጠብቅ አንዲት ጠመኔ ያለ ፊርማ አላስወጣሁም። እኔንም ያለ ፊርማዬ ከቤቴ የሚያስወጣኝ የለም።

አክስትህ

&nbsp;

ግንቦት 28 ቀን

ለማከብርዎት አክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ምርቃትዎ ደርሶኛል፣ አሜን ብያለሁ። አሁን ወደ ነገሩ።

አሥራ አራት ሜትር? በስዕሌ ላይ ከጣሪያው ጠርዝ እስከ ታንከሩ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። የቀረው አሥራ አንድ ሜትር ተኩል ወዴት ነው የሚሄደው? ሽርሽር? ሰውየው ቱቦውን ለራሱ ሊወስደው ካልሆነ በቀር ሌላ ምክንያት አይታየኝም። ያም ሆኖ ልኬዋለሁ፤ ክርክር አንድ ክረምት እንዲበላብን አልፈልግም።

ይህ ሰው ማነው? ከዚህ በፊት ታንከር አቁሞ ያውቃል? እኔ እዚህ በየሕንፃው ምድር ቤት፣ ፓምፕ በሚጮህበት ክፍል ውስጥ የፍተሻ ቅጽ ይዤ የምውል ሰው ነኝ። በቅጹ ላይ ሠላሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ አንዱ እንኳ «እጁ ጥሩ ነው» አይልም።

ፎቶ እፈልጋለሁ። ፎቶ ቤቱ ካለው ሰው ጋር ተነጋግረው ታንከሩን ከእግር እስከ ራስ፣ ከኋላው ያለው ግድግዳ ጭምር እንዲታይ አስነስተው ይላኩልኝ። ደግሞም እባክዎ በየሦስት ሳምንቱ አይጻፉልኝ፤ ደብዳቤው በመንገድ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ እርስዎ ሌላ ሳምንት ያሳድሩታል፣ ዝናቡ ግን እኛን አይጠብቅም።

የወንድምዎ ልጅ

&nbsp;

ሰኔ 25 ቀን

ለውዱ የወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ከነምርቃቱ ይድረስህ። ቱቦው ደርሶ ልኩን ለክቼ ተረክቤዋለሁ፤ አሥራ አራት ሜትር ከሃያ ሴንቲ ነው። አንዲት ሴንቲ አልባከነችም።

ፎቶ ልኬልሃለሁ። ቧንቧው ነው። የሚታየው እጅ የእኔ ነው፣ ማንቆርቆሪያውም የእኔ ነው፣ የሚወርደውም ውሃ ነው። ሙሉውን ያላነሳነው ፎቶ አንሺው «ቦታው ስለጠበበ ወደ ኋላ መራቅ አልቻልኩም» ስላለ ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ የወረደ ቀን ጉድ ነበር። አንተ «ይደፋ» ብለሃል፣ ሰውየውም «ይደፋ» አለ። እናንተ በአንድ ነገር ስትስማሙ ይሄ የመጀመሪያው ነው። እኔ ግን ውሃ ሲደፋ ቆሜ የምመለከት ሴት አይደለሁም። አርባ ጀሪካን የጎተተ ሰው ነው የውሃ ዋጋ የሚያውቀው። በባልዲ፣ በገንዳ፣ በሳፋ፣ ባገኘሁት ሁሉ ደገንኩ። ሰውየው «እትዬ፣ ትከሻዎ!» እያለ ይጮሃል፣ እኔ «አንተ ባልዲውን ቀይር!» እያልኩ እጮሃለሁ። በዚያ ውሃ ወለሉን፣ ደጁን፣ መስኮቱን አጠብኩ። ሲያልቅብኝ የጫማ ሰፊውን ወንበርም አጠብኩለት።

አንድ የማይሆን ነገር ደግሞ ልንገርህ፤ ሌላው ቢድበሰበስ ይሄ አይደበቅም። ታንከሩ ገና ግማሽ ሲሆን መቆሚያው በግራ በኩል ሁለት ጣት ሰመጠ። ውሃውን እያለቀስኩ አስለቅቀን፣ አፍርሰን፣ እንደገና ተሠራ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ክረምቱ ግን ገና ነው።

ሌላ ቧንቧ ያስፈልገኛል። ሁለተኛ።

አክስትህ

&nbsp;

ሐምሌ 17 ቀን

ለማከብርዎት አክስቴ፣

ፈጣሪ ጤና ይስጥዎ፣ ለእኔ ደግሞ ትዕግሥት።

ሁለት ጣት ሰመጠ! አርባ ሴንቲ ብዬ ጽፌአለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ ነው የጻፍኩት። ይህ ባለሙያ ነኝ ባይ የት ነው የተማረው? ጎማ ቤት? በቧንቧው ፎቶ ላይ መጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ጎማ ጠቅልሎ አየሁ። የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ካመነዳሪ ነው! የሚጠጣ ውሃ ላይ! እኔ በምሠራበት ቦታ ይህን ያደረገ ሰው በዚያው ቀን ይባረራል። እርስዎም ያሰናብቱት። ነገ ዛሬ አይበሉ።

ሁለተኛ ቧንቧ ለምን? እርስዎ አንድ ሰው ነዎት፣ ኩሽናውም አንድ ነው። መጀመሪያ ቱቦው ረዘመ፣ አሁን ቧንቧው በዛ፤ ቀጥሎ ምን ሊጠይቁኝ ነው? ሁለተኛ ጣሪያ? «ቦታው ጠበበ» ያሉት ደግሞ ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው። ግቢዬን አውቀዋለሁ፤ ከኩሽናው መስኮት እስከ ግንቡ ስምንት እርምጃ ነው። ፎቶ አንሺ በስምንት እርምጃ ዝሆን ያነሳል።

የደበቁኝ ነገር እንዳለ ይገባኛል። ሰው የሚደብቀው መጥፎውን ነው። ስለዚህ የአጎቴን ልጅ ነግሬአታለሁ፤ ክፍሉን ቀለም ቀብታ ጨርሳለች። እስከ መስከረም ያልኩት ቃል ቃል ነው። ሁለተኛውን ቧንቧ ልኬአለሁ፣ ግን ወንፊቱ በምን እንደታሰረ ፎቶ ካላየሁ ያ ታንከር ቢሞላም ለእኔ አልሞላም።

የወንድምዎ ልጅ

&nbsp;

ነሐሴ 12 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ዛሬ ምርቃቱ አጭር ነው፤ ጨጓራዬን ልጠኸዋል።

ታንከሩ ሞልቷል። ነሐሴ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ሞልቶ በትርፍ መውጫው ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ ቦኖ ጋ አልሄድኩም። ጀሪካኖቹን አጥቤ ደፍቼአቸዋለሁ። ማታ እጄን ስታጠብ ውሃው ሞቅ ብሎ ይመጣል፤ ቀን ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል ነው። አስበው፣ በዚህ ዕድሜዬ ቧንቧ ከፍቼ ሙቅ ውሃ! ይህን ልጽፍልህ ተቀምጬ ሳለሁ ነው «ያሰናብቱት» የሚለው ደብዳቤህ የመጣው።

ለሰውየው አነበብኩለት። ቃል በቃል፤ እኔ ደብዳቤ ቆርጬ አላነብም። «ጎማ ቤት» የምትለው ላይ ስደርስ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ቀለም ቀብታ ጨርሳለች» የምትለው ላይ ግን ሳቁን አቋረጠ። ፒንሳውን አነሳ፣ ጣሪያው ላይ ወጣ፣ አሸንዳው ውስጥ የተጠራቀመውን ቅጠል ሲጠርግ አመሸ። እኔ አንድ ነገር ልንገርህ፦ እኔ ዕቃ አይደለሁም። ከአንድ መደርደሪያ ወደ ሌላ መደርደሪያ አልዛወርም። ደጉን አስበህ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አስበህ ስትጨርስ ነው የምትነግረኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳታስብ በፊት ጠይቀኸኝ አታውቅም። ግንቡም እንዲሁ ነበር የተገነባው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ማንን ማለቴ እንደሆነ አላብራራልህም።

የወንፊቱ ፎቶ ይኸውልህ። ቅጽህ ላይ አስፍረው።

አክስትህ

&nbsp;

መስከረም 4 ቀን

አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

የወንፊቱን ፎቶ ሦስት ቀን በኪሴ ይዤ ዞርኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ፓምፕ ክፍሉ ውስጥ አምፖሉ ሥር አቆምኩና በማጉያ መነጽር አየሁት።

ሽቦው ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ፣ ጫፉ ተቆልምሞ ወደ ውስጥ ተደብቋል፤ እጅ እንዳይቧጭር። እንዲህ የሚያስረው አባቴ ነበር። ሌላ ሰው ሽቦውን ጠምዝዞ ጫፉን ይቆርጠዋል፣ እሱ ግን «ሽቦ ሲያስሩት የሚያምር፣ ሲነኩት የሚያደማ ከሆነ አልታሰረም» ይለን ነበር። ያስተማረው ሁለት ሰው ብቻ ነው። አባቴ ሞቷል፤ እኔ ደግሞ እዚህ ነኝ።

ታንከሩ የቆመው የት ነው?

የወንድምዎ ልጅ

&nbsp;

መስከረም 27 ቀን

ቀጮ፣

ሰላምታና ምርቃቱን አክስታችን በየደብዳቤው ስላደረሱህ እኔ አልደግመውም። እስክሪብቶውን እጄ ላይ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። «እኔ ማድበስበስ ሰልችቶኛል፤ ሰውየው ራሱ ይጻፍ» አሉ። ሰውየው እኔ ነኝ፤ ያ የጎማ ቤቱ። የተማርኩት የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ካልጠፋህ።

ታንከሩ የቆመው እኔ ግቢ ነው። ለምን መሰለህ? ጣሪያው ያዘነበለው ወደ እኔ ወገን ነው። ዛሬ አይደለም፤ አባታችን ቆርቆሮውን ከመታበት ቀን ጀምሮ ነው። አንድ ወገን ጣሪያ ነው፣ በእናንተ በኩል ከፍ ብሎ በእኔ በኩል ዝቅ ይላል። በስዕልህ መሠረት አሸንዳ ቢታሰር የሚያጠራቅመው አቧራና የጎረቤት ድመት ነበር።

በሚያዝያ መጨረሻ አክስታችን ስዕሉን አጣጥፈው፣ በመንገዱ ዞረው መጥተው በሬን አንኳኩ። ስዕሉን አየሁት፣ አዞርኩት፣ ገለበጥኩት። «ይሄ ልጅ የማንን ቤት ነው የሳለው?» አልኳቸው።

«የአባቱን» አሉኝ።

«ታዲያ ተሳስተሃል ብለው አይጽፉለትም?»

«አልጽፍም። የቤቱ እያንዳንዱ ሚስማር ጭንቅላቴ ውስጥ አለ ብሎ ጽፏል። እዚያ ሆኖ ከዚህ ቤት የቀረለት ያ ብቻ ከሆነ፣ ያንንም ልውሰድበት?»

እኔ እንደሳቸው ደግ ስላልሆንኩ እወስድብሃለሁ። ክረምት ሲገባ በእኔ በኩል ባለው ጠርዝ ሥር ራቁቱን ቆሞ፣ የጣሪያውን ውሃ በአናቱ እየተቀበለ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «አልወጣም» የሚለው ማን ነበር? እንዴት ሰው ያደገበት ውሃ ከየት በኩል እንደሚወርድ ይረሳል? መኪና እንኳ ዘይቱ የሚያፈስበትን ቦታ ምልክት ይተዋል።

ስለ ግንቡ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ እናገራለሁ። አባታችን ሲሞት፣ አንተ ስትሄድ፣ ያንን ግንብ ያስገነባኸው አክስታችንን ከቤት ያስወጣል ብለህ ስለጠረጠርከኝ ነው። በወረቀት አልጻፍከውም፤ እኔ ግን ብሎኬት ማንበብ እችላለሁ። ስምንት ዓመት በየጠዋቱ ፊቴን ስታጠብ ሳነበው ኖርኩ። ከግንቡ ወዲያ እሳቸው ጀሪካን ሲጎትቱ ይሰማኛል፤ ያ ድምፅ ሲሚንቶ ላይ እንዴት እንደሚያፋጭ ታውቀዋለህ። በግንቡ አናት «እትዬ፣ ላምጣልዎ» እላለሁ። «ተው፣ ያ ልጅ ቢሰማ ይከፋዋል» ይሉኛል። አየህ? ትከሻቸውን የበላው ጀሪካኑ ብቻ አይደለም፤ የአንተ መከፋትም ነው። እኔም ከዚህ አላመልጥም። ግንቡን በመሰላል ተሻግሬ ጀሪካኑን ከእጃቸው መንጠቅ ስችል፣ እኔም ተከፍቼ ስለነበር ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ሁለታችንም ስንከፋ አሮጊቷ ውሃ ጎተቱ።

ሌላውን ላጠቃልልልህ። ታንከሩ የገባው በእኔ በር ነው፤ የእኔ በር የጭነት መኪና ያስገባል። መቆሚያው የሰመጠው በእኔ ጥፋት ነው፤ አፈሩን በደንብ ሳልደለድል ሲሚንቶ ጨመርኩበት። አባታችን ቢኖር በጥፊ ይለኝ ነበር። ካመነዳሪው ከላይ የተጠቀለለ ማጠናከሪያ ነው፣ ውሃውን አይነካም፤ ቢሆንም አንስቼዋለሁ፣ ስለ እሱ ያልከው ልክ ነው። አሥራ አራት ሜትሩ ቱቦ ከታንከሩ ተነስቶ ግንቡን በስቶ እሳቸው ኩሽና ድረስ ይሄዳል። ሁለተኛው ቧንቧ እዚያ ነው፤ ሲከፍቱት እኔ ክፍል ውስጥ ይሰማኛል፣ ያንን ስሰማ ደህና አደሩ ማለት ነው።

ግንቡን አትንኩ ብለሃል። መጀመሪያ ቱቦ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ነበር። ከዚያ «ታንከሩን በዓይኔ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉ፣ አንድ ብሎኬት አነሳሁ። ከዚያ አንገታቸውን ማስገባት አማራቸው። አሁን በር ሆኗል፤ መዝጊያ የለውም። ከፈለግህ ሠላሳ ሁለተኛ ጥያቄ አድርገህ ቅጽህ ላይ ጨምረው።

ወደ አራተኛ ፎቅ የሚዛወር ሰው የለም። የተቀባውን ክፍል የቀባችው ትተኛበት።

ሥራው ግን አላለቀም። ግንቦት ላይ ውሃው ሲጎድል ደለሉ መፋቅ አለበት፤ በዓመት አንዴ ያልከው አንተ ነህ። በክዳኑ አፍ ሰው መግባት አለበት። ገና ባዶ ሳለ እኔ ልሞክር ብዬ እስከ እምብርቴ ገባሁና ቀረሁ። ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አልሆነም። አክስታችን ከላይ ቆመው ሲስቁ፣ ጫማ ሰፊው ነው በብብቴ ይዞ የጎተተኝ። እሳቸው በዚያ ትከሻ አይገቡም። ባዳ ደግሞ አላስገባም፤ የምንጠጣው ውሃ ነው። እኛ ቤት በጠባብ ቀዳዳ የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ቀጮ ያልነውም ለዚያ ነው።

ፈታሽ ነኝ ካልክ መጥተህ ፈትሽ። በደብዳቤ ደለል አይፋቅም።

ወንድምህ

&nbsp;

ጥቅምት 20 ቀን

ለአክስቴና ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ለሁለታችሁም እኩል ይድረሳችሁ።

የስዕሉን ቅጂ አውጥቼ ገልብጬ አየሁት። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ መሰላሉን፣ አባቴን፣ ቆርቆሮውን አሰብኩ። ወንድሜ ልክ ነው። መሰላሉን የያዝንበት ወገን እንኳ ትዝ አለኝ፤ ፀሐይዋ ዓይናችንን ታስቸግረን ነበር። እንዴት እንደጠፋብኝ አላውቅም። አፍሬአለሁ።

የጀሪካኑ ነገር ከሁሉ አብልጦ ቆጨኝ። አክስቴ፣ ይከፋኛል ብለው ያን ሁሉ ጊዜ መጎተትዎን ባውቅ ኖሮ ግንቡን በእጄ አፈርስ ነበር። ግን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እርስዎ እንዲነግሩኝ መንገድ አልተውኩልዎትም። የአጎቴን ልጅ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ የልብስ ስፌት ማሽኗን አስገብታለች።

ወንድሜ፣ ብሎኬቱን በትክክል ነው ያነበብከው። ይቅር በለኝ። ለዚያ በር መዝጊያ አታሠራለት።

ለግንቦት ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ አለቃዬ ለምን ሲለኝ «ታንከር ልፈትሽ» አልኩት፣ ለሥራው ያለኝን ፍቅር አደነቀ። አንድ ነገር ብቻ አስጨንቆኛል፣ እውነቱን ንገሩኝ፦ የክዳኑ አፍ ስንት ሴንቲ ነው?

ቀጮ

&nbsp;

ኅዳር 14 ቀን

ለውዱ የወንድሜ ልጅ፣

በሰላም ያምጣህ፣ በሰላም ያስገባህ፣ በሰላምም ያስወጣህ። ይሄ የመጨረሻው ምርቃት ለታንከሩ ነው።

አርባ አምስት ሴንቲ ነው። ወንድምህ ለካ፣ እኔ ደግሜ ለካሁ፣ ጫማ ሰፊው መሰከረ።

አሁን ደግሞ ተራው የእኛ ነው። ፎቶ ላክልን። ከእግር እስከ ራስ፣ ከኋላህ ያለው ግድግዳ ጭምር እንዲታይ። ቦታው ጠበበ የሚል ምክንያት አልቀበልም።

ከፊት አይደለም፤ ከጎን።

አክስትህ